ጠይቁን፦ ቴሌስኮፕ የሚሸከም የጓሮ ምሰሶ

በዚህ ወር ከአዳማና ከሐዋሳ የደረሱን ደብዳቤዎች ጉዳያቸው ተቀራራቢ ነው። ቴሌስኮፕ አለ፣ ጓሮ አለ፣ ምስሉ ግን አልረጋ ብሏል። ስለዚህ ዓምዱን ሙሉ በሙሉ ለምሰሶ ሰጥተነዋል። ደብዳቤዎቹን ትንሽ አሳጥረናቸዋል።

ጥያቄ፦ ሰላም ናችሁ? አዳማ ነው የምኖረው። አጎቴ ከውጭ ሲመጣ ባለ 150 ሚሊ ሜትር መስታወት ቴሌስኮፕ አመጣልኝ። ኢኳቶሪያል ማውንት (ዘንጉ ወደ ሰሜን ኮከብ አቅጣጫ ሲተከል ከዋክብትን ተከትሎ የሚዞር መያዣ) አለው፣ እግሩ ግን ቀጭን አሉሚኒየም ነው። ጨረቃን በደንብ አያለሁ። ሳተርንን አጉልቼ ለማየት ስሞክር ግን ንፋሱ ያወዛውዘዋል፣ ፎከሱን በነካሁ ቁጥርም ምስሉ ይዘላል። ጓሮ ውስጥ የኮንክሪት ምሰሶ ላቆም አስቤ ግንበኛ ባማክር «ሁለት ሜትር ቆፍረን አሥር ከረጢት ሲሚንቶ እንሞላዋለን» አለኝ። ኢንተርኔት ላይ ያየሁትም ሁሉ ጥልቅ ጉድጓድ ነው። ልጀምር? ወይስ የብረት ቱቦ ይሻላል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ዶማ ከማንሳትህ በፊት አንድ ሙከራ አድርግ። ንፋስ በሌለበት ምሽት ደማቅ ኮከብ ያዝና አጉላው። ከዚያ እግሩን በጣትህ መታ አድርግና ምስሉ እስኪረጋ ስንት ሰከንድ እንደሚፈጅ ቁጠር። ቀጥለህ የቴሌስኮፑን ቱቦ ራሱን መታ አድርግ። እግሩን ስትመታው ምስሉ ቶሎ ከረጋ፣ ቱቦውን ስትመታው ግን ረጅም ጊዜ ከተወዛወዘ ጥፋቱ የእግሩ አይደለም። ወይ ማውንቱ ነው፣ ወይ ቱቦውን የያዙት ቀለበቶች ላልተዋል። እንዲህ ከሆነ አንድ ቶን ኮንክሪት ብታፈስም ለውጥ አታገኝም። በአንድ ሰከንድ ውስጥ የሚረጋ ምስል በጣም ጥሩ ነው። ሁለት ሰከንድም ይቻላል። አምስት ስድስት ሲሆን ነው ሰው ተናዶ ቴሌስኮፑን ወደ ቁም ሳጥን የሚመልሰው።

እግሩ ነው ጥፋተኛው እንበልና እንቀጥል።

መጀመሪያ ይህን ቁጥር ያዝ። አንድ ሜትር ቁመት ያለው ምሰሶ ጫፉ ላይ የሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ ብቻ ቢዘም፣ ቴሌስኮፑ ቢያንስ 20 የቅስት ሰከንድ ያህል ይዞራል። የቅስት ሰከንድ ማለት አንድ ዲግሪ ለ3600 ሲካፈል ነው። ትንሽ ይመስላል። ጁፒተር ግን ወደ እኛ ሲቀርብ እንኳ ስፋቱ ከ50 የቅስት ሰከንድ አይበልጥም። ስለዚህ በዓይን የማይታይ መታጠፍ ፕላኔቷን የስፋቷን ግማሽ ያህል ያዘልላታል ማለት ነው። ለዚህ ነው ለቤት ምሰሶ «ጠንካራ» የሚባለውና ለቴሌስኮፕ «ጠንካራ» የሚባለው የማይገናኙት። ግንበኛህ የሚያስበው እንዳይወድቅ ነው። አንተ የምትፈልገው እንዳይታጠፍ ነው። ሁለቱን ለይተህ ካላስረዳኸው ሰውዬው የሚያውቀውን ይሠራል፣ ይኸውም ጥልቅ ጉድጓድና ብዙ ሲሚንቶ።

ጥልቀቱን በተመለከተ፣ ኢንተርኔት ላይ ያየኸው ጥልቅ ጉድጓድ በአብዛኛው የካናዳ፣ የሰሜን አሜሪካና የአውሮፓ ሰዎች የሚቆፍሩት ነው። እነሱ ዘንድ ክረምት ላይ መሬቱ ይቀዘቅዝና አፈሩ ውስጥ ያለው ውኃ በረዶ ሆኖ ያብጣል፣ መሠረቱን ወደ ላይ ይገፋዋል። ስለዚህ ከበረዶው መስመር በታች መውረድ ግዴታቸው ነው። አዳማ ላይ መሬት በረዶ ሲሆን ያየ ካለ ይጻፍልን! እዚህ የምትቆፍረው የላይኛውን ልል አፈር አልፈህ ደህና መሬት ለማግኘት ብቻ ነው። ብዙ ቦታ ከ70 እስከ 80 ሳንቲ ሜትር ይበቃል።

አፈሩን ግን ሳታይ አትለፍ። አዳማ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ናት፣ ብዙ ሰፈር አፈሩ የእሳተ ገሞራ አመድ ያለበት፣ ቀላልና ልል ነው። ጉድጓዱን ከጨረስክ በኋላ ግርጌው ላይ ቁመህ በእግርህ ደቅደቅ አድርገው። የሚሰምጥ ከሆነ ትንሽ ጨምረህ ቆፍር፣ ገረጋንቲ በ15 ሳንቲ ሜትር ውፍረት አንጥፍና ውኃ አርከፍክፈህ በደንብ ጠቅጥቀው። ጥቁር ኮትቻ አፈር ከሆነ ደግሞ ነገሩ ይለያል። ኮትቻ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፣ ምሰሶህም አብሮት ያዘነብላል። እሱን ቆርጠህ አውጥተህ በገረጋንቲ መተካት አለብህ። ሁለት ሜትር የመቆፈር ወሬ ትርጉም ሊኖረው የሚችለው እዚህ ጋ ብቻ ነው።

መሠረቱን 80 በ80፣ ጥልቀቱን 70 ሳንቲ ሜትር ብታደርገው ወደ 0.45 ሜትር ኩብ ኮንክሪት ይይዛል። ክብደቱ ከአንድ ቶን በላይ ነው። በላዩ 30 ሳንቲ ሜትር ውፍረትና 90 ሳንቲ ሜትር ቁመት ያለው ክብ ምሰሶ ስትጨምርበት በጠቅላላው ግማሽ ሜትር ኩብ አካባቢ ይሆናል። ለዚህ አራት ከረጢት ሲሚንቶ ይበቃል። አንድ ትርፍ ያዝ። አሥሩን ለሌላ ሥራ አስቀምጠው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ፣ ወደ ውፍረትና ቁመት። ድፍን ምሰሶ ለመታጠፍ ያለው እምቢታ የሚያድገው በውፍረቱ አራተኛ ኃይል ነው። ባለ 20 ሳንቲ ሜትሩን ወደ 30 ብታሳድገው አንድ ተኩል ጊዜ ሳይሆን አምስት ጊዜ ይጠነክራል። ቁመት ደግሞ በተቃራኒው ነው። የመታጠፉ መጠን በቁመቱ ሦስተኛ ኃይል ይጨምራል። አንድ ሜትር የነበረውን አንድ ሜትር ተኩል ብታደርገው በዚያው ግፊት ከሦስት ጊዜ በላይ ይታጠፋል። እንግዲህ ገንዘብህን የት እንደምታውል ከዚህ ይገባሃል። ጉድጓዱን ከማጥለቅ ምሰሶውን ማወፈር ይበልጣል። ከሁሉም የሚበልጠው ደግሞ ከሚያስፈልግህ በላይ አለማስረዘም ነው፣ እሱ ምንም ወጪ የለውም።

ታዲያ ምን ያህል ቁመት ያስፈልግሃል? ይህ በቴሌስኮፑ ዓይነት ይወሰናል። እኛ አገር ፕላኔቶች በአናታችን አካባቢ ነው የሚያልፉት። አዳማ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 8.5 ዲግሪ ላይ ስለሆነች ጨረቃም ጁፒተርም ብዙ ጊዜ ቀጥታ ወደ ላይ ናቸው። ያንተ ዓይነቱ መስታወት ቴሌስኮፕ አይፒሱ (በዓይን የሚታይበት ሌንስ) ከቱቦው የላይኛው ጫፍ አጠገብ ነው። ወደ አናት ስታዞረው አይፒሱ ከፍ ይላል። ስለዚህ አጭር ምሰሶ ይሻልሃል፣ ከመሬት 90 ሳንቲ ሜትር ይበቃል፣ ምናልባትም ይበዛል። ሌንስ ያለው ረጅም ቱቦ ቢሆን ግን አይፒሱ ከታች ስለሆነ ወደ አናት ስታይ መሬት ላይ መንበርከክ ይመጣል፣ ያኔ ከፍ ማድረግ ግድ ነው። ወረቀት ላይ ከምታሰላው አሁን ባለው እግር ሞክረው። ቱቦውን ወደ አናት አዙር፣ በምትቀመጥበት ዱካ ላይ ተቀመጥ፣ እግሩን ከፍና ዝቅ እያደረግህ የሚመችህን ከፍታ ለካና ጻፈው።

የኮንክሪቱ ምጥን አንድ ሲሚንቶ፣ ሁለት አሸዋ፣ ሦስት ጠጠር ነው። ሠራተኞቹ የሚያውቁት ሳጥን አለ፣ 50 በ40 በ20 ሳንቲ ሜትር። ለአንድ ከረጢት ሁለት ሳጥን አሸዋና ሦስት ሳጥን ጠጠር። ጠጠሩ የካባ ጥቁር ድንጋይ ይሁን። አካባቢያችን ላይ ፑሚስ የሚባለው ቀላል ድንጋይ በብዛት ስላለ «እሱ ይቀላል፣ ይረክሳል» የሚልህ ሰው አይጠፋም። ለብሎኬት ጥሩ ነው፣ ለምሰሶ ግን ድክም ያለ ኮንክሪት ነው የሚሰጥህ። ውኃ ላይም ተቆጣጣሪ ሁን። ሠራተኛ ማንቀሳቀስ እንዲቀልለው ማቅጠን ይወዳል፣ የቀጠነ ኮንክሪት ደግሞ ሲደርቅ ደካማ ነው። ጭቃው አካፋ ላይ ቁልል ብሎ የሚቀመጥ ይሁን። ሲፈስ በፌሮ ቁራጭ ደጋግመህ ውጋው፣ አየሩ ይውጣ።

ለውስጡ ስድስት ባለ 12 ሚሊ ፌሮ በቁም፣ በየ15 ሳንቲ ሜትሩ ስታፋ (እነሱን የሚያቅፍ የብረት ቀለበት)። ፌሮው ከመሠረቱ ግርጌ ጀምሮ እስከ ምሰሶው ራስ አንድ ሆኖ ይውጣ፣ ታች ላይ ወደ ውጭ ይታጠፍ። ከኮንክሪቱ ጠርዝ ቢያንስ አራት ሳንቲ ሜትር ወደ ውስጥ ይግባ፣ አለበለዚያ ይዝግና ኮንክሪቱን ይሰነጥቀዋል። ለፎርም ቆርቆሮ ቤት ላሜራ አስጠቅልል። ትልቅ የፍሳሽ ፕላስቲክ ቱቦም ይሆናል፣ ግን ውድ ነው። በቱንቢ አቁመው፣ ቀጥ ብሎ መቆሙን ከሁለት አቅጣጫ እይ። የኤሌክትሪክ ገመድ የሚያልፍበት ቀጭን ቱቦም አሁኑኑ ቅበር። ኮንክሪት ከደረቀ በኋላ መብሳት ሌላ ራስ ምታት ነው።

መሠረቱንና ምሰሶውን በአንድ ቀን ማፍሰስ ከቻልክ አፍስስ። ከዚያ ቢያንስ ለሰባት ቀን እርጥብ ጆንያ አልብሰህ ጠዋት ማታ ውኃ አጠጣው። የአዳማ ፀሐይና ንፋስ ካላጠጣኸው ላዩን በጥቂት ሰዓት ውስጥ ያደርቁትና ይሰነጠቃል። ቴሌስኮፑን ለመጫን አትቸኩል፣ ኮንክሪት ሙሉ ጉልበቱን የሚያገኘው በ28 ቀን አካባቢ ነው።

እስካሁን ያልኩህን ሁሉ በትክክል ሠርተህ ላይኛዋ 20 ሳንቲ ሜትር ላይ ልታበላሸው ትችላለህ። አብዛኛው ሰው የሚያበላሸውም እዚያው ነው። የተለመደው አሠራር ኮንክሪቱ ራስ ላይ አራት ረጃጅም ቡሎን ይተከላል፣ በነሱ ላይ ላሜራ ይቀመጣል፣ ውኃ ልኩ በዳዶ ከላይና ከታች እየተጠበቀ ይስተካከላል። ሐሳቡ መጥፎ አይደለም። ችግሩ ላሜራው ከኮንክሪቱ ከፍ ብሎ በቀጫጭን ቡሎኖች ላይ መንሳፈፉ ነው። አንድ ቶን ኮንክሪት አፍስሰህ ቴሌስኮፑን በአራት የብረት እንጨት ጫፍ ላይ አስቀመጥከው ማለት ነው። ስለዚህ ቡሎኑ ባለ 16 ወይም ባለ 20 ሚሊ ይሁን፣ በኮንክሪቱ ውስጥ ቢያንስ 30 ሳንቲ ሜትር ይግባ፣ ጫፉ ይታጠፍ። በላሜራውና በኮንክሪቱ መካከል ያለው ክፍተት ሁለት ሦስት ሳንቲ ሜትር ብቻ ይሁን፣ ዳዶ ማዞሪያ ቁልፍ የሚገባበትን ያህል። ውኃ ልኩ ካለቀ በኋላ ክፍተቱን በወፍራም የሲሚንቶ ልስን ሙላው፣ ያን ጊዜ ጭነቱን የሚሸከመው ኮንክሪቱ ይሆናል። ላሜራው ባለ 10 ሚሊ ወይም ከዚያ በላይ ይሁን። ቡሎኖቹ ቦታቸውን እንዳይስቱ መጀመሪያ ላሜራውን አስበሳ፣ ከዚያ ያንኑ ላሜራ እንደ ልክ ተጠቅመህ ኮንክሪቱ ሳይደርቅ ትከላቸው። ማውንቱ የሚቀመጥበትን ክብ ቦታ ቶርኖ ቤት ያወጣልሃል፣ ማውንቱን ይዘህ ሂድ፣ በቃል አትንገራቸው።

የብረት ቱቦስ? ጥሩ አማራጭ ነው፣ በተለይ በያጅ ጎረቤት ካለህ። ከ20 ሳንቲ ሜትር ያልቀጠነ፣ ግድግዳው አምስት ስድስት ሚሊ የሆነ ቱቦ ፈልግ። ከታች ወፍራም ላሜራ፣ ዙሪያውን ሦስት ማዕዘን ማጠናከሪያ ይበየድለት። ባዶ ቱቦ ሲመታ ይጮኻል፣ ያ ጩኸት አይፒስ ውስጥ ይታያል። ደረቅ አሸዋ ሙላበት። አሸዋው ብዙ አያጠነክረውም፣ ንዝረቱን ግን ቶሎ ይገድለዋል። አንቲራስት ቀባውና ከዚያ ነጭ ቀለም ጨምርበት። ኮንክሪትም ቢሆን ነጭ ቀባው፣ ቀን የጠጣውን ሙቀት ማታ ሲተፋ ከላዩ ያለውን አየር ያርገበግበዋል።

አንድ ነገር ቀረ። ጓሮው ሊሾ ከሆነ ምሰሶው ከሊሾው ጋር አይነካካ። ዙሪያውን ሁለት ሳንቲ ሜትር ክፍተት ተውና ስፖንጅ ወይም አሸዋ ሙላው። ካልሆነ ቡና ይዞ የሚመጣው ሰው እርምጃ ሁሉ ሳተርን ላይ ይደርሳል። ንፋሱን ደግሞ ምሰሶ ብቻውን አይችለውም። ከተማችንን በከበቡት ኮረብታዎች ላይ አዳማ አንድ 51 ሜጋ ዋት፣ አዳማ ሁለት 153 ሜጋ ዋት የንፋስ ኃይል ማመንጫዎች የተተከሉት ያለ ምክንያት አይደለም። ምሰሶውን አጥር ወይም ግድግዳ ከለላ የሚሆንበት ቦታ ምረጥ፣ ሰማዩን እስካልሸፈነብህ ድረስ።

ጥያቄ፦ ጡረታ የወጣሁ የፊዚክስ መምህር ነኝ፣ አዳማ። ምሰሶዬ ቆሟል፣ ጠንካራም ነው። ማውንቱን ግን በሰሜን ኮከብ ማስተካከል አልቻልኩም፤ የጎረቤቴ ባለ ሁለት ፎቅ ቤት ጋርዶኛል። ከዚያም በላይ የማውንቱ የኬክሮስ መለኪያ ከ20 ዲግሪ በታች አይወርድም። ምን ይሻላል?

መልስ፦ ጋሼ፣ የሁለተኛው ችግርዎ መፍትሔ ለበያጅ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ማውንቶቹ የሚሠሩት በአብዛኛው ለአውሮፓና ለአሜሪካ ገበያ ነው፣ እኛን ያሰበን የለም። በላሜራውና በማውንቱ መካከል ተዳፋት የሆነ ማስቀመጫ ያሠሩ፣ በሰሜን በኩል ዝቅ ያለ። 15 ዲግሪ ቢያደርጉት የማውንቱ መለኪያ 23.5 ላይ ይቀመጣል፣ ከሁለቱ ልዩነት የአዳማ ኬክሮስ 8.5 ይገኛል። 20 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ባለው ማስቀመጫ ላይ በሁለቱ ጫፎች መካከል ያለው የከፍታ ልዩነት አምስት ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። በያጁ ግማሽ ዲግሪ ቢስት አይጨነቁ፣ የቀረውን በማውንቱ ቡሎን ያስተካክሉታል።

ከማሠራትዎ በፊት ግን አንድ ነገር ይለኩ። ማውንቱ የሚዞርበት ዘንግ ወደ አግድም በቀረበ ቁጥር ማመጣጠኛው ክብደት ወደ ታች ሲንጠለጠል ምሰሶውን ታክኮ ነው የሚያልፈው። ምሰሶዎ ወፍራም ከሆነ ይጋጫል። ከተጋጨ ማስቀመጫውን ጥቂት ሳንቲ ሜትር ወደ ሰሜን ያስወጡት፣ ወይም በኮንክሪቱ ራስና በማውንቱ መካከል 20 ሳንቲ ሜትር ቁመት ያለው ቀጠን ያለ የብረት ቱቦ ያስገቡ። ሁለተኛው ትንሽ ጥንካሬ ያስከፍላል፣ ቢሆንም ቁርጥራጭ ቱቦ ስለሆነ ጉዳቱ ትንሽ ነው።

የሰሜን ኮከብን ይርሱት። አዳማ ላይ ከአድማሱ 8.5 ዲግሪ ብቻ ነው ከፍ የሚለው፣ የጎረቤት ቤት ባይኖር እንኳ አቧራው ይሸፍነዋል። ኮምፓስም ብዙ አይመኑ። መርፌው በእኛ አካባቢ ከእውነተኛው ሰሜን ሁለት ሦስት ዲግሪ ወደ ምሥራቅ ያዘነብላል፣ ምሰሶው ውስጥ ያለው ፌሮ ደግሞ የባሰ ያሳስተዋል። የመጀመሪያውን አቅጣጫ በጥላ ያውጡ። ምሰሶው ራስ ላይ ቀጥ ያለ ሽቦ ያቁሙ፣ ጠዋት አራት ሰዓት ተኩል ገደማ የጥላው ጫፍ ያረፈበትን ምልክት ያድርጉ፣ በዚያ ርዝመት ክብ ያስምሩ። ከሰዓት በኋላ ጥላው እንደገና ያንን ክብ ሲነካ ሁለተኛ ምልክት ያድርጉ። ሁለቱን ምልክቶች የሚያገናኘው መስመር ምሥራቅና ምዕራብ ነው። ለእርስዎ ይህን ማስረዳት ለቀባሪው ማርዳት ነው፣ ለሌሎቹ አንባቢዎች ብዬ ነው። አንድ ማሳሰቢያ ግን ልጨምር፦ ከሚያዝያ 4 አካባቢ እስከ ነሐሴ 25 አካባቢ ፀሐይ ከአናታችን ወደ ሰሜን ትሻገራለች፣ የእኩለ ቀን ጥላም ወደ ደቡብ ይወድቃል። በነዚያ ወራት ሰሜንና ደቡብን አገላብጦ መትከል ቀላል ነው። እኩለ ቀን ሲባልም ስድስት ሰዓት አይደለም። አዳማ ላይ ፀሐይ ከፍተኛው ቦታዋ ላይ የምትደርሰው በአማካይ ስድስት ሰዓት ከ23 ደቂቃ ላይ ነው፣ በጥቅምት መጨረሻ ወደ ስድስት ከ7 ይቀድማል፣ በየካቲት መጀመሪያ ወደ ስድስት ከ37 ይዘገያል።

ከዚያ በኋላ ያለው ማጣራት በኮከብ ነው። የኦሪዮን ቀበቶ ለዚህ የተሠራ ይመስላል፣ ከሰማይ ወገብ (ከምድር ወገብ ትይዩ ሰማይ ላይ ከሚታሰበው መስመር) አጠገብ ነው ያለው፣ በበጋ ምሽትም እንደ ልብ ይገኛል። መስቀለኛ መስመር ያለው አይፒስ ያስገቡ፣ ሞተሩን ያስነሱ። መጀመሪያ ኮከቡ ከሰሜን ወደ ደቡብ በሚያልፈው መስመር ላይ፣ ማለትም ከፍተኛው ቦታው ላይ ሲሆን ይጠብቁት። ወደ ደቡብ ከሸሸ የማውንቱ ዘንግ ወደ ምሥራቅ ስቷል፣ ወደ ሰሜን ከሸሸ ወደ ምዕራብ። ያን ካስተካከሉ በኋላ በምሥራቅ ዝቅ ያለ ኮከብ ይያዙ። ወደ ደቡብ ከሸሸ ዘንጉ ዝቅ ብሏል፣ ወደ ሰሜን ከሸሸ ከፍ ብሏል። ሁለቱን እያፈራረቁ ይደጋግሙ። ትዕግሥት ይፈልጋል፣ ግን ምሰሶው እስካልተነቃነቀ ድረስ በየምሽቱ የሚደገም ሥራ አይደለም። ቋሚ ምሰሶ ካለው ጥቅም ለእኔ ትልቁ ይህ ነው።

ጥያቄ፦ ሐዋሳ፣ ከሐይቁ ብዙ በማይርቅ ግቢ ተከራይቼ ነው የምኖረው። አከራዬ «ግቢዬን አታስቆፍሪም» ብለውኛል። በዚያ ላይ እዚህ ሰፈር ትንሽ ሲቆፈር ውኃ ይወጣል። ያለ ጉድጓድ የሚሆን ምሰሶ አለ?

መልስ፦ አለ እህቴ፣ አከራይሽም ባይከለክሉሽ እኔ እከለክልሽ ነበር። ውኃ የሚወጣበት አሸዋ ላይ የተቆፈረ ጥልቅ መሠረት ምንም አይጨምርልሽም።

የመረብ ኳስ ሜዳ ላይ ጎማ ውስጥ የቆመውን ብረት አይተሽዋል አይደል? እሱን አሻሽለሽ ሥሪው። የከባድ መኪና አሮጌ ጎማ ግዢ፣ ከሥሩ ወፍራም ላስቲክ አንጥፊ፣ መሐሉ ላይ 15 ወይም 20 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ቱቦ አቁሚ። ከቱቦው ግርጌ ላይ ፌሮ በመስቀለኛ አስበይጂበት፣ ከዚያ ኮንክሪት ሙዪው። ኮንክሪቱ ከመድረቁ በፊት ከሥሩ ሦስት ጠንካራ እግሮች እንዲወጡ አድርጊ፣ የቡሎን ራስ ይበቃል። ሦስት ብቻ፣ አራት አይሁን። አራት እግር ያለው ነገር ሁልጊዜ አንዱ እግሩ አየር ላይ ነው። ሦስቱ የሚያርፉባቸው ቦታዎች ላይ የእግረኛ መንገድ ንጣፍ ድንጋይ ቅበሪ፣ ከመሬቱ እኩል። ቤት ስትቀይሪ ጎማውን በጠርዙ አቁመሽ ታንከባልዪዋለሽ። ለብቻሽ ግን አትሞክሪው፣ ሁለት ጎረምሳ ጥሪ።

እንደ ተቀበረ ምሰሶ አይሆንም፣ እውነቱን ልንገርሽ። ፎቶ ለሚያነሳ ሰው አልመክረውም። በዓይን ለማየት ግን ከማንኛውም የአሉሚኒየም እግር ይሻላል። ሐዋሳ ላይ ከንፋሱ ይልቅ የሚያስቸግርሽ ጤዛው ነው፣ የሐይቁ እርጥበት ሌንሱ ላይ ይቀመጣል። ከቴሌስኮፑ ቱቦ አፍ ላይ በጥቁር ስፖንጅ ወይም በካርቶን 20 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ኮፍያ ሥሪለት። ለሐይቁ በጣም የቀረበ ቦታ ከመረጥሽ ደግሞ ማታ ጉማሬ ለግጦሽ እንደሚወጣ አትርሺ፣ አጥር ውስጥ ሁኚ።

ጥያቄ፦ ቤቴ ሶሌታ ነው። ከላይ ሰማዩ ሰፊ ስለሆነ ምሰሶውን እዚያ ብገነባስ? (አዳማ)

መልስ፦ አይሆንም። ሶሌታ መሐሉ ላይ ይርገበገባል፣ ሰው በተራመደ ቁጥር፣ ታች በር በተዘጋ ቁጥር። ቀን የጠጣውን ሙቀትም እስከ እኩለ ሌሊት ይተፋል። ሌላ ቦታ ፈጽሞ ከሌለህ ምሰሶውን መሐል ላይ ሳይሆን ከሥሩ ኮለን ባለበት ማዕዘን ላይ አቁመው፣ ከባድ ኮንክሪት ሳይሆን ብረት ቱቦ አድርገው፣ ስታይም አትንቀሳቀስ። ክብደት ከመጨመርህ በፊት ቤቱን የሠራውን ሰው ጠይቅ።

ጥያቄ፦ የእኔ ዶብሶኒያን (መሬት ላይ በሚያርፍ ሳጥን ውስጥ የሚዞር ቴሌስኮፕ) ነው፣ ባለ 200 ሚሊ ሜትር። ምሰሶ ያስፈልገኛል? ደግሞስ በ2017 ዓ.ም. የአዋሽ ፈንታሌው መንቀጥቀጥ እዚህ አዳማ ድረስ ሲያንገዳግደን አይተናል፣ ምሰሶ ማቆሙ ራሱ አያሰጋም?

መልስ፦ ዶብሶኒያን ምሰሶ አይፈልግም፣ ወገቡ መሬት ላይ ነው። ለሱ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆነ፣ 10 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ጠፍጣፋ ኮንክሪት በውኃ ልክ አፍስስለት፣ በቃ። ለጭቃውም ለአቧራውም ይጠቅምሃል።

መንቀጥቀጡን በተመለከተ፣ አጭርና ወፍራም ምሰሶ በደንብ ከታሰረ ፌሮ ጋር ከጓሮህ አጥር ይልቅ አስተማማኝ ነው። የሚያሰጋው ላዩ ላይ የተረሳው ቴሌስኮፕ ነው። አይተህ ስትጨርስ ቱቦውን አውርደህ ቤት አስገባ፣ ማውንቱን ብቻ ሸፍነህ ተወው። ከባድ ንቅናቄ ከተሰማ በኋላ ደግሞ ላሜራው ላይ ውኃ ልክ አስቀምጥና እይ፣ ዳዶዎቹንም በቁልፍ ሞክራቸው። ውኃ ልኩ ከሄደ አቅጣጫውን እንደገና በኮከብ ማውጣት ነው፣ አካሄዱን ከላይ ለመምህሩ በሰጠሁት መልስ ውስጥ ታገኘዋለህ።